ቆማ የጠበቀችው አመልካች

የሥራ ሥነ ልቦና ባለሙያ ነኝ። እንጅባራ ላይ ለሕክምና ትምህርት ያመለከቱ ልጆች የሚመዘኑበትን ፎርም ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። ለፈተናው ከዘንገና የመጡ አንዲት ባልቴት እንደ በሽተኛ ሆነው ተቀመጡልን። አመልካቾቹ ሰተት ብለው እየገቡ፣ ፊት ለፊታቸው ወንበር ስበው ስለ ሕመማቸው ይጠይቃሉ። አንዷ ግን ዝቅ ብላ እጅ ነሳችና ቆመች። ምን ይገትራታል ብዬ ተናደድኩና «በራስ መተማመን» በሚለው ትይዩ ዜሮ ጻፍኩባት። ልጅቷ የተቀመጠችው፣ ባልቴቷ «ኧረ ተቀመጭ ልጄ» ሲሏት ነው።

ፈተናው ሲያልቅ ባልቴቷን፣ «የእውነት ቢያምዎት ማን ቢያክምዎት ይወዳሉ?» አልኳቸው።

«ተቀመጭ እስክላት የጠበቀችኝ።»

ራሴ ያዘጋጀሁትን ፎርም ባገላብጠው ባገላብጠው፣ የበሽተኛ ቃል የሚሰፍርበት ቦታ አጣሁ።