ሶፋ ልንጥል ወጥተን

ዙሪክ ውስጥ አሮጌ ሶፋ መጣል እንደ መግዛቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ደጃፍ ላይ ካለው የቆሻሻ ገንዳ አጠገብ ትታችሁት ብትሄዱ ቅጣት ይከተላችኋል። ማዘጋጃ ቤቱ እንዲህ ያለ ዕቃ የሚሰበስብ ትራም፣ ማለትም የከተማ ባቡር፣ አልፎ አልፎ ይልካል፤ ታዲያ በመኪና ማምጣት ክልክል ነው። ተሸክማችሁ ነው የምታደርሱት።

እኔና ጓደኛዬ ሰለሞን የእኔን ሶፋ ተሸክመን ስንንገዳገድ፣ ጸጉራቸው የነጣ አንዲት ሴትዮ አስቆሙን።

«በቃ፣ ሊቆጡን ነው» አለኝ ሰለሞን በአማርኛ።

ሴትዮዋ ግን መሬት ያስቀመጥነውን ሶፋ በመዳፋቸው ጫን ጫን አደረጉና ቁጭ አሉበት።

«ደህና ነው እኮ! ለምን ትጥሉታላችሁ? እኔ እወስደዋለሁ» አሉን።

ከሸክም ተገላገልን ብለን ደስ አለን።

«የት እናድርስልዎ?» ስላቸው በጣታቸው ወደ ላይ አመለከቱ። አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም።

በራቸው ላይ ስንደርስ ላብ አጥምቆናል። ሰለሞን ግድግዳ ተደግፎ ያለከልካል።

«ተባረኩ! እንግዲህ ወደ ትራሙ መሄዳችሁ አይደል? አሮጌውን ይዛችሁልኝ ውረዱ» አሉና ሳሎኑን ከፈቱልን።

የእሳቸው ሶፋ የእኔን ሁለት እጥፍ ያክላል። ባለቤታቸው ደግሞ ጋዜጣ ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው ተጋድመውበታል። ሴትዮዋ ምንም እንዳልተፈጠረ «በዚህ በኩል ያዙት» ይሉናል። ምን እናድርግ? ጎንበስ አልን።

ሽማግሌው ጋዜጣውን ገለጥ አድርገው መጀመሪያ እኛን፣ ቀጥሎ ሚስታቸውን አዩና ጠየቁ፦

«እኔም አብሬ ልጣል ነው?»