ጭቃ ለብሶ ያደገ ቤት

ጌጃ ሰፈር የነበረው ቤታችን ከውጭ ሲያዩት ጭቃ ነበር፤ ከውስጥ ግን ቀስ በቀስ ብሎኬት እየሆነ ነበር። ይህን የምናውቀው እናቴ፣ እኔና ግንበኛው ብቻ ነን ብለን እናስብ ነበር። አሁን ሳስበው ሰፈሩ በሙሉ ሳያውቅ አልቀረም። በዚያ ጠባብ መንገድ ሲሚንቶ አሸክሞ ተደብቆ መግባት፣ ግመል ሰርቆ አጎንብሶ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ አባቴ ካረፈ በኋላ ነው። እናቴ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ክርና ቁልፍ የምትሸጥባት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። ቀኑን እዚያ ጨለማ ውስጥ ትውላለች፤ ስትመለስ ደግሞ ቤቱም ጨለማ ነው፤ ሁለት ክፍልና መዳፍ የምታህል አንዲት መስኮት። አንድ ጠዋት ቁርስ እየበላን ሳለ ሌሊት ያየችውን ህልም የምትነግረኝ ይመስል ዓይኗን ጨፈነችና፣ «ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ሳልቀመጥ መሞት አልፈልግም» አለችኝ። ከዚያ ተነስታ ወደ ሱቋ ሄደች።

ቀበሌ የፈቀደልን ልስንና ቀለም ብቻ ነበር። መላውን ያመጣው ግንበኛው ነው። ዝምተኛ ሰው ነበር፤ ሲናገር ግን ያለቀለት ነገር ነው የሚናገረው። የጭቃውን ግድግዳ ሳይነካ ብሎኬቱን ከውስጥ በኩል ይደረድራል። «እትዬ፣ ውስጡ ሲያልቅ ጭቃውን እንደ በግ ቆዳ ከላዩ ላይ እንገፈዋለን። የዚያን ጊዜ ቢመጡም ቤቱ ቆሟል፤ ምን ይላሉ?» አላት። በሰፈራችን ያልተለመደ ነገር አልነበረም። እናቴ በዚያው ቀን ቀብድ ሰጠችው።

ሥራው እንደ ገበያዋ ነበር የሚሄደው። ገበያ ሲኖር ግድግዳው ያድጋል፤ ሲቀዘቅዝ ቆሞ ይጠብቃል። ሁለት ዓመት ፈጀ። እኔ ያን ሁለት ዓመት የማስታውሰው በእንቅልፍ ልቤ እንዳየሁት ነገር ነው። ግድግዳው በዙሪያዬ ወደ ውስጥ እየመጣ ክፍሉ በየጊዜው ይጠባል፤ አልጋዬን እያነሳሁ ወደ መሃል እጠጋለሁ። ብሎኬቱ ከፍ ባለ ቁጥር የውጭው ድምፅ እየራቀ ሄደ። የጎረቤት ሬዲዮ፣ የልደታ ደወል፣ አዛኑ፣ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡት ሰዎች፣ ሁሉም ከሌላ አገር የሚመጡ መሰሉኝ። ጠዋት ቅንድቤ ላይ የሲሚንቶ አቧራ እየጠረግሁ እነሳለሁ። ግድግዳውን በእጄ እዳብሰውና ቤቱ ገና እንዳልተወለደ ልጅ ውስጥ ውስጡን እያደገ ነው እል ነበር። ደስተኛ ነበርኩ፤ ይህን መደበቅ አልችልም።

እዚህ ላይ ስለ ሥራዬ መናገር አለብኝ። ሰንጋ ተራ አንድ የመድን ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ። እንደተቀጠርኩ ቤታችንን ለእሳት አደጋ መድን አስገባሁት። እናቴ በጣም ስቃ፣ «ዕድራችን አይበቃም?» አለችኝ።

«ዕድር ሰው ሲሞት ነው እማዬ። ይሄ ቤት ሲሞት ነው» አልኳት።

በውሉ ላይ የሰፈረው «ሁለት ክፍል፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ» የሚል ነው። የዚያን ጊዜ እውነት ነበር። በየዓመቱ ውሉ ሲታደስ ግን አንድ ቅጽ ይሞላል፤ ከጥያቄዎቹ አንዱ ባለፈው ዓመት በቤቱ ላይ የተደረገ ለውጥ አለ ወይ የሚል ነው። ለምን እንደሚጠየቅ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቤት የሚያድሱ ደንበኞች አስቀድመው እንዲያሳውቁን፣ የቤቱ ዋጋ ሲጨምር ሽፋኑም አብሮ እንዲያድግ የሚያሳስበውን ደብዳቤ እኔ ነኝ የምተይበው። ጣቶቼ ያለ እኔ እርዳታ ይጽፉት ነበር።

ቅጹን ቤት ወስጄ ለእናቴ አነበብኩላት። «የለም በይ» አለችኝ ወዲያው።

«እማዬ፣ ይሄ ከቀበሌ ጋር አይገናኝም እኮ።»

«አንቺ ልጅ ነሽ። ወረቀት ከወረቀት ጋር ይነጋገራል። እዚያ የጻፍሽው ቀበሌ ቁጭ ተብሎ ይነበባል።»

ልከራከራት ይገባ ነበር፤ ደጋግሜ ብነግራት ታምነኝም ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያለውን የብሎኬት ብናኝ በእጅጌዬ ጠርጌ፣ በዚያ ሁሉ ሰው በሚያደንቀው እጅ ጽሑፌ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ሥራው ሲያልቅ አንድ ላይ እናስተካክለዋለን አልኩ ለራሴ። በዓመቱም ያንኑ ጻፍኩ። ቢሮ ተቀምጬ ለሰው ሳይቃጠል በቅጠል ስል እውላለሁ፤ ቤቴ ስገባ ሌላ ሰው ነኝ።

በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ ክፍሉ አለቀ። ግንበኛው በምሥራቅ በኩል ጭቃውንም ብሎኬቱንም በስቶ ትልቅ መስኮት ከፈተ። እናቴ ሱቋን ዘግታ ሦስት ቀን ሙሉ እዚያ ተቀመጠች። ጠዋት ፀሐዩ ሲገባ እግሯን ዘርግታ ጣቶቿን እያንቀሳቀሰች ታያለች። የቀረው የመስኮቱ ብረት መግጠምና ጭቃውን ከውጭ መግፈፍ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በያጅ መጥቶ ብረቱን እዚያው መስኮቱ ላይ በየደው። በድሮው የጭቃ ግድግዳና በአዲሱ ብሎኬት መካከል ጣት የምታስገባ ክፍተት ነበረች። ውስጧ የደረቀ ማገርና ከጭቃው የረገፈ ጭድ ሞልቷታል። የብየዳው ፍንጣሪ እዚያ መግባቱን ያየ የለም። በያጁ ዕቃውን ሰብስቦ፣ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎን ሄደ።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ክፍሉ ውስጥ ገባን። እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጠች።

«ነይ እስኪ፤ ፀሐዩ ግድግዳውን እንዴት አድርጎ እንዳሞቀው» አለችኝ።

ሄጄ አጠገቧ ተደገፍኩ። እውነትም ይሞቃል። ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን ተቀመጥን። እንደዚያ የተመቸኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። የጭቃ ግድግዳ አልፎ ብሎኬት የሚያሞቅ የጠዋት ፀሐይ እንደሌለ ያሰብኩት በኋላ ነው።

መጀመሪያ የጭድ ጭስ ሸተተኝ። ቀና ስል ጭሱ በኮርኒሱ ጠርዝ እየወጣ ነው። ኮርኒሱ አቡጀዲ ነበር፤ እናቴን ጎትቼ ደጅ ሳደርሳት እሳቱ ከዳር እስከ ዳር ሄዶበታል። ጎረቤት ሁሉ ባልዲ ይዞ ወጣ። የእሳት አደጋ መኪና መጥቶ ነበር፤ መንገዱ ስለማያስገባው አስፋልቱ ላይ ቆመ። እኩለ ቀን ሳይሞላ ጣሪያው ወደ ውስጥ ወደቀ። ብሎኬቱ ጠቁሮ ቆሟል። ግንበኛው በመዶሻው እጀታ መታ መታ አድርጎ አዳመጠው፤ እሳቱ ሰነጣጥቆታል፤ መፍረስ አለበት አለ። ይህን ሲነግረን ፊታችንን አላየም።

ሰኞ ጉዳቱን ሊገምቱ የመጡት ከቢሯችን አንድ ሽማግሌ ናቸው፤ በየቀኑ ሻይ አብረን እንጠጣለን። ዙሪያውን ሄደው አዩ። ከዚያ ከቦርሳቸው ቅጾቹን አውጥተው አሳዩኝ።

«ይሄ ያንቺ ጽሑፍ አይደለም?»

«ነው፣ ጋሼ።»

መነጽራቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ጠረጉት። «ውሉ የሚያውቀው የጭቃ ቤቱን ነው፣ ልጄ። ብሎኬቱን አያውቀውም። ‹ለውጥ የለም› ብለሽ ፈርመሽ ብየዳ ስታሠሪ እሳት ተነሳ፤ ከፈለጉ ጭራሹንም ሊከለክሉሽ ይችላሉ። እኔ ቢያንስ የተጻፈው ይከፈል ብዬ እከራከርላችኋለሁ።» ተከራክረውም አስከፈሉልን፤ በዚያ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

የሽማግሌውን ቃል ለእናቴ የነገርኳት ጎረቤታችን በረንዳ ላይ ነው። ከነጠላዋ ጥለት ላይ ጥላሸት እየለቀመች ሰማችኝ።

«ለውጥ አለ ብለን ብንጽፍ ኖሮ ምን ይመጣ ነበር?» አለች።

«ሰው መጥቶ ያየው ነበር። የምንከፍለው ትንሽ ይጨምርና ብሎኬቱም መስኮቱም ውሉ ውስጥ ይገባሉ።»

«ለቀበሌ ይነግሩብን ነበር?»

«አይነግሩም።»

«ይህን ያኔም ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ነጠላዋን ለቀቀችው። «እኔ የፈራሁት ስለማላውቅ ነው። አንቺ እያወቅሽ ምን አስፈራሽ?»

 ከዚያ በኋላ ውሸት ምን ይሠራል? «እንዳታቆሚው ብዬ ነው» አልኳት። «ገማች መጣ፣ ወረቀት መጣ ሲባል ትደነግጪና ሥራውን ትተዪዋለሽ ብዬ። ክፍሉን ከአንቺ በላይ ፈልጌው ነበር።»

እናቴ ወደ ተቃጠለው ቤት ዞረች።

«ከእኔ በላይ እንኳ አይሆንም» አለች።

የተከፈለን ለሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ነበርና ሁለት ክፍል ጭቃ ቤት ሠራን። እናቴ እስክታርፍ የኖረችው እዚያ ነው፤ ስለ ክፍሉ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።