አራት ጣት ለመተንፈሻ

ከድሬ፣ ከመጋላ ሴቶች መሀል እኔ ያልለካኋት አለች ብላችሁ አትድከሙ። ይህን ስል እኖር ነበር፣ አፌን ሞልቼ። ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ በሐጂ ልብስ ስፌት ቤት ከመጋረጃ ጀርባ ቆሜ ቀጭኗንም ወፍራሟንም፣ ሙሽራዋንም አራሷንም ለክቻለሁ። ሐጂ ጎረቤታችን ነበሩ። የሴት ገላ አይነኩም፤ ሴት ከገባች ዓይናቸውን እንኳ ወደ መጋረጃው አያነሡም። ስለዚህ እኔ እለካለሁ፣ እሳቸውና ልጃቸው ይቆርጣሉ።

ሜትር ጠፍቶ አልነበረም። እሱ ለወንድ ሱሪ ነው። ለሴት ሲባጎ ነበር የምንጠቀመው፣ ለእያንዳንዷ አንድ ሲባጎ። አንድ ቋጠሮ ትከሻ፣ ሁለት ቋጠሮ ደረት፣ ሦስት ቋጠሮ ዳሌ፣ ጫፉ ደግሞ ቁመት። ታዲያ ከመቋጠሬ በፊት በሲባጎውና በሴትዮዋ መሀል አራት ጣቴን መክተት አለብኝ። “ሴት ታረግዛለች፣ ትሰግዳለች፣ ልጅ ታዝላለች፤ ለመተንፈሻ አራት ጣት ተይላት” ይሉኝ ነበር ሐጂ። ሲባጎዎቹ ግድግዳው ላይ በምስማር ተንጠልጥለው ይከርማሉ። ስም የለባቸውም፤ እኔ ግን አንዱን ሳነሣ የማን እንደሆነ አውቀዋለሁ። ወላሂ አንድም ቀን አልተሳሳትኩም።

መቀሱ ግን የወንድ ነበር። እኔ ብለካ፣ ብዘመዝም፣ ቁልፍ ብተክል የሚከለክለኝ የለም፤ መቀሱ ላይ ሲደርስ “እጅሽን” ይሉኛል። ስለማይሰጡኝም ክር በጥርሴ እበጥስ ነበር፣ እሱንም ይቆጡኛል። ውሸት ምን ያደርግልኛል፣ ሌሎች ልጆች ባል ሲመኙ እኔ ያን መቀስ ነበር የምመኘው። ትልቅ፣ ጥቁር እጀታ ያለው፣ ጨርቅ ሲበላ ድምፁ የሚጥም መቀስ።

የጃንሆይ ዘመን ነው። ከዚራ፣ ዛፉ ጥላውን በጣለበት መንገድ ላይ፣ አንዲት ፈረንሳዊት የልብስ ቅድ የምታስተምርበት ቤት ነበራት። ማዳም እንላታለን። የዘመዘምኩትን ቀሚስ አንዲት ሴት ላይ አይታ ፈልጋ አገኘችኝና ከሰዓት በኋላ ልማር ገባሁ። እንግዲህ ጠዋት መጋላ በሲባጎ፣ ከሰዓት የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ተሻግሬ ከዚራ በሜትርና በወረቀት፤ ጨርቅ ግን እዚያም አልቆረጥኩም። ከዚራ ሲባጎውን አላነሣም፣ መጋላ ስለ ሜትሩ አልተነፍስም። ሁለት ቤት እንዳላት ድመት ሆንኩ።

በሁለተኛው ዓመት ማዳም ስድስታችንን ይዛ ጅቡቲ ልትወስደን አሰበች፤ ልብስ የሚሠሩበትን ቤት በዓይናችን እንድናይ። እናቴ በሦስተኛው ቀን “ባሕሩ አጠገብ እንዳትሄጂ” ስትለኝ እንደፈቀደች ገባኝ። ሐጂ ደግሞ በመሄጃዬ ዋዜማ ጠሩኝና የተጣጠፈ ሰማያዊ ቺት፣ ነጭ አበባ ያለው፣ ከላዩ አንድ ሲባጎ አድርገው ሰጡኝ።

“እዚያ ራስሽ ቆርጠሽ፣ ራስሽ ሰፍተሽ አምጪ። ለባለቤቷ ልክ ከሆነ ከዛሬ ወዲያ መቀስ ትይዣለሽ። ካልሆነ ግን ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።”

“የማን ነው ሐጂ?”

“አንቺ አይደለሽ እንዴ ሲባጎ አይቼ አውቃለሁ የምትይው?”

አገላበጥኩት። የቋጠረችው የሐጂ ሚስት እንደሆነች አወቅኩ፤ እሷ ቋጠሮ ታጠብቃለች። የተለካችውን ሴት ግን ላውቃት አልቻልኩም። ትከሻዋ ሰፊ፣ ቁመቷ መካከለኛ፣ አቦ ማን ናት? በጣም ተናደድኩ። መጨረሻ ላይ ከሐረር የመጣች የነጋዴ ሚስት ናት ብዬ ተውኩት።

በማግሥቱ እናቴ ለገሀር ድረስ ሸኘችኝ። እሷ ቀፊራ ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም ነበር የምትሸጠው። የለበሰችው ቢዮ አዋሌ የምትኖረው አክስቴ ለብሳ የጠገበችውን ቀሚስ ነው፤ ብብቱን ሁለቴ የጣፍኩት እኔ ነኝ። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ቆመች። እኔ ደግሞ ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፣ ሲባጎው ከጡቴ ሥር መኖሩን ስዳብስ።

ያ የባቡር ጠረን፣ የከሰልና የዘይቱ፣ ዛሬም ድንገት አፍንጫዬ ላይ ይመጣል። አይሻ ላይ የግመል ወተት ገዛን፣ ድንበሩ ደወሌ ላይ ወረቀታችንን አዩ፣ ከዚያ ሜዳው እየነጣ ሄደና ጅቡቲ ገባን። ሙቀቱስ? ድሬ ሙቅ ነች ስንል የኖርነው ስሟን ለማጥፋት መሰለኝ።

መጀመሪያ ወደቡ አጠገብ ጨርቅ በቦንዳ የሚራገፍበትን መጋዘን አየን። ቀጥሎ ካኪ ሸሚዝ የሚሰፋበት የአንድ የመናዊ ቤት ሄድን፤ ሃያ የስፌት መኪና በአንድ ላይ ሲንጫጫ ማዳም ጆሮዋን ያዘች፣ እኔ ደስ አለኝ። ሦስተኛው የሴት ቀሚስ ቤት ነበር። እዚያ ስገባ እግሬ ደጃፉ ላይ ቀረ። መቁረጫው ጠረጴዛ ጋ የቆመችው ሴት ነች። ጠጉሯን በሸሽ ሻርፕ ያሰረች፣ ሽበቷ የወጣ ሶማሌ። መቀሱን ይዛ ሐር ትቆርጣለች፣ ወንዶቹ ደግሞ ቁጭ ብለው የቆረጠችውን ይሰፋሉ።

በሶማልኛ “ኤዶ” አልኳት፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ደነገጠችና ሳቀች። ለሁለት ቀን ከአጠገቧ አልጠፋሁም። ማዳም ፈረንሳይኛዋን ከባለቤቱ ጋር ስታወራ እኔ የምፈልገውን ሁሉ ከኤዶ ጠየቅኩ። ቺቴን በጠረጴዛዋ እንድቆርጥም ፈቀደችልኝ።

ሲባጎውን ሳወጣ ግን የክፍሌ ልጆች ተንሾካሾኩ። ማዳም መጥታ በሲባጎው ልክ ያወጣሁትን የወረቀት ቅድ አየችና “ይሄ ቀሚስ ነው ጆንያ? ሴትዮዋ የት አለች?” አለች። ሁሉም ሳቁ። ፊቴ ጋለ። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ አልወድም። ሜትሩን አነሣሁና ከትከሻውም፣ ከደረቱም፣ ከዳሌውም አራት አራት ጣቱን አወጣሁት።

ኤዶ ሐሩን ትታ ወደ እኔ ዞረች። “ማን ናት የምትለብሰው?” አለችኝ።

“አላውቃትም።”

“በማታውቂያት ሰው ላይ ልብስ ታጠብቢያለሽ?”

እኔ ግን ልቤ እዚያ የለም። መቀሱ እጄ ላይ ነው። ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ። ቀሚሱ ሲሰቀል ማዳም አጨበጨበችልኝ፣ የሳቁትም ተከተሏት። ቁራጮቹን ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ፤ ቁራጭ መጣል ሐጂ ቤት ነውር ነው።

ድሬ በገባሁ ማግሥት፣ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ ቀሚሱን በቦርሳዬ ይዤ ወደ ሐጂ በረርኩ። የስፌት መኪናቸውን እየረገጡ ነበር። ቀና ሳይሉ “ሴትዮዋ ከመጋረጃው ጀርባ ናት፤ ግቢና አልብሻት” አሉኝ።

መጋረጃውን ገለጥኩ። እናቴ ቆማለች። ጠጉሯን ቅቤ ተቀብታ፣ እግሯን ታጥባ፣ እንደ ልጅ አፍራ።

ያን ጊዜ ገባኝ። የመጋላን ሴት ሁሉ ለክቼ እናቴን ለክቻት አላውቅም። በልኳ የተሰፋ ልብስ መቼ ኖሯት።

“ነይ እስቲ አልብሽኝ” አለች በሹክሹክታ። አለበስኳት። አንገቷን አለፈ፣ ትከሻዋ ላይ ያዘ። ጎትታ ጎትታ አወረደችው። ደረቷ ላይ ሲደርስ ትንፋሿን ሳበችና ያዘችው። የጎኑ ስፌት ጥርሱን አሳየ።

“እንዴት ሆነ?” አሉ ሐጂ ከወዲያ።

“ልክ ነው ሐጂ” አለች እናቴ፣ በቀጭን ድምፅ። “ማሻ አላህ፣ ልክ ነው።” ዝም እንድል በዓይኗ ጠቀሰችኝ። መቀሱን ምን ያህል እንደምፈልገው ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

ዝም ብል ኖሮ ያልቅ ነበር። መቀሱ የእኔ፣ እሷም ያን ቀሚስ ትንፋሿን ይዛ ዕድሜዋን ትለብሰው ነበር። አውቃታለሁ፣ ታደርገዋለች።

“ጠቧል ሐጂ” አልኩ። “አራት ጣቱን ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሳቁብኝና አወጣሁት።”

መኪናው ቆመ። እናቴ “ምን ነካሽ” እያለች ክንዴን ቆነጠጠችኝ። አለቀ፣ ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ ብለዋል፣ አልጠይቅም ብዬ ዕንባዬን ጠረግኩ።

ከዚያ በመጋረጃው ሥር፣ እጀታው ወደ እኔ ዞሮ፣ መቀሱ ገባ።

“በይ ፍቺው” አሉ ሐጂ። “በጥርስሽ ግን እንዳይሆን።”

የጎኑን ስፌት ከብብት እስከ ዳሌ ለቀቅኩት። እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች። ጎኑ ላይ የምቀጥላቸውን ቁራጮች ከቦርሳዬ ከማውጣቴ በፊት ከምስማሩ አንድ ያልተቋጠረ ሲባጎ አወረድኩ፤ አራት ጣቴን ከተትኩና እናቴን ለካኋት።