ተቀባይ ያጣው ዱቄት

በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ጠዋት... ቂርቆስ ባለው የእድራችን አዳራሽ ተቀምጬ ሰው እጠብቃለሁ። ሰው የለም።

የሰፈሩ ነጋዴዎች የለገሱት ዱቄት በየከረጢቱ ተመዝኗል፤ ዘይቱ ከጎኑ ተደርድሯል። ከማስተማር በጡረታ ከተገለልኩ ወዲህ የእድሩ ጸሐፊ ነኝና ሁሉንም በወጉ አሰናድቻለሁ። ጥሩምባ ነፊያችንም ሰፈሩን ዞሮ፣ «አቅመ ደካሞች፣ ኑና የበዓል ስጦታ ውሰዱ!» ብሎ ለፍፏል።

«ቢቸግራቸው ኖሮ ይመጡ ነበር» አለ ሊቀመንበራችን ሰዓቱን እያየ። «እስከ ቀትር ካልመጡ ለሌላ ሰፈር ነው የምንሰጠው።»

መቸገራቸውንስ አውቃለሁ። ተነስቼ አዛለች ቤት ሄድኩ። አዛለች ካዛንችስ ጉሊት ሽንኩርት ትሸጥ ነበር፤ ሰፈሩ ሲፈርስ ደንበኞቿ ተበታተኑባት።

«አዛለች፣ ምነው ቀረሽ?»

«ጋሼ፣ እሱ ለአቅመ ደካማ ነው ተባለ።» እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አሳየችኝ። «ይሄ ደካማ ነው? ስንት ጆንያ የተሸከመ ክንድ እኮ ነው!»

ትንሿ ልጇ ከመጋረጃው ጀርባ፣ «እማ፣ ታዲያ ዳቦ አንደፋም እንዴ?» አለች።

«ዝም በይ አንቺ!»

አዛለች እጅጌዋን መለሰች።

«እኔም ክንድሽን ፈልጌ ነው የመጣሁት» አልኳት። «ዱቄቱን የሚያነሳ፣ የሚያድል ሰው አጥተናል። የእኔም የሊቀመንበሩም ወገብ አይችልም።» ውሸትም አልነበረም።

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አይሉም!»

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ወጣች። በመንገዳችን ያለውን በር ሁሉ ታንኳኳለች። «ዙበይዳ! ነይ ውጪ፣ እድሩ ሰው ቸግሮታል!»

ከቀትር በፊት አዳራሹ ሞላ። ሊቀመንበሩ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ «ጋሽ ታደሰ፣ ሁሉም አዳይ ሆነ እኮ! ተቀባዩ ማነው?» አለኝ።

«ዝም ብለህ እይ።»

አዛለች ከረጢት አንስታ ለዙበይዳ ሰጠች። ዙበይዳ ሌላ አነሳችና፣ «አንቺስ? ስትለፊ ውለሽ ባዶ እጅሽን ልትሄጂ ነው? ያዢ እንጂ!» አለቻት።

አዛለች ሳቀች... ያዘችም።

ሳስተምር «ያልገባው እጁን ያውጣ» ስል ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር። «ሰሌዳ ማን ያጠፋልኛል?» ስል ግን ከኋላ ወንበር ድረስ ይነሱ ነበር... ከሁሉም ቀድመው የሚደርሱት ደግሞ ትምህርቱ ያልገባቸው ነበሩ።