ብረት የቀደድኩበት ጠረጴዛ

ባለቤቴ በያጅ ነው፤ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። አሰላ ውስጥ ባለች አንዲት ግቢ፣ የእሱ ብየዳ ቤት ከጓሮ፣ የእኔ የስፌት መኪና ከበረንዳ፣ አንዳችን የሌላችንን ሥራ በድምፅ ብቻ እያወቅን አሥራ ስድስት ዓመት ኖረናል። እሱ ግራይንደሩን ሲያስነሳ እኔ ሬዲዮዬን እዘጋለሁ። ከዚያ ያለፈ መጠላለፍ አልነበረንም።

አንድ ቀን ጋሪ በራችን ላይ ቆመና አራት ሣጥን ወረደ።

«ምንድን ነው?» አልኩት።

«ብረት መቁረጫ ጠረጴዛ። ጠረጴዛው ራሱ ግን ገና ነው» አለኝ።

ሣጥኖቹ ውስጥ የነበሩት ሐዲድ የመሰሉ ረጃጅም ብረቶች፣ ትንንሽ ሞተሮች፣ የሽቦ ጥቅልሎችና አንድ ከባድ ግራጫ ማሽን ናቸው። ፕላዝማ ይሉታል። ባለቤቴ እንዳስረዳኝ፣ ማሽኑ አየርን በኤሌክትሪክ ያግለውና በጠባብ አፍንጫ ሲያስወጣው ብረት ያቀልጣል፤ አፍንጫውን የሚነዳው ደግሞ ኮምፒውተር እንጂ እጅ አይደለም። አየር ብረት ይቆርጣል መባሉን አላመንኩም። ግን ሰውዬው ይህን ነገር ለዓመታት ሲያልመው እንደኖረ ስለማውቅ ሣጥኖቹን አብሬው አስገባሁ።

ጠረጴዛውን ቱቦላሬ ከሚባለው ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ በያይዶ ሠራው። ያን ጊዜ ነው ሜትር እንድይዝለት የጠራኝ። ከማዕዘን እስከ ማዕዘን በሰያፍ ለካን፤ ከዚያ በሌላው አቅጣጫ ደገምን። የአራት ሚሊ ልዩነት አለ። እኔ ለዓይን የማይታይ ነገር ብዬ ናቅኩት። እሱ ግን ቀኑን ሙሉ የበየደውን ፈታው። የጠረጴዛ ልብስ ስሰፋ ማዕዘን ለማዕዘን አጥፌ የማየው ለዚሁ ስለነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ከውስጡ የተረዳሁት መሰለኝ። ከላይ፣ የሚቆረጠው ዝርግ ብረት፣ ላሜራው፣ የሚተኛባቸውን ቀጫጭን ብረቶች በጠርዛቸው ደረደረ። ከሥር ፍንጣሪውንና አቧራውን የሚይዝ ሰፊ የውሃ ገንዳ አደረገ። ክረምት ስለነበር ገንዳውን ከጣሪያ በሚወርደው ዝናብ ሞላነው።

ሲያልቅ ግን አልሠራም። እሳቱ ገና ብልጭ ሲል ኮምፒውተሩ ይደርቅና አፍንጫው ባለበት ይቆማል። ባለቤቴ ሽቦ ቀየረ፣ ኮምፒውተሩን አራቀ፣ እንደገና ሞከረ፤ ያው ነው። እንዲህ እያለ ሁለት ሳምንት አለፈ። በመጨረሻ ከጎንደር ተመድቦ የመጣ አንድ የኤሌክትሪክ መምህር ለምኖ አመጣ። መምህሩ ማሽኑን ዞር ዞር ብሎ ካየ በኋላ፣ «የመሬት መስመሩ የታለ?» ሲል ጠየቀ።

«መሬትማ ይኸው የቆምንበት» አለ ባለቤቴ።

መምህሩ ሳቀ። ከዚያ አጥር ሥር ጉድጓድ አስቆፍሮ ረጅም የመዳብ ዘንግ ቀበረ። ጠረጴዛውንም ማሽኑንም በወፍራም ሽቦ ከዘንጉ ጋር አገናኘ፤ የሞተሮቹንም ሽቦ ከማሽኑ ሽቦ ለየ። «እሳቱ ሲነሳ መሄጃ ያጣው ኤሌክትሪክ ነው ኮምፒውተሩን የሚረብሸው» አለን። «አሁን መንገድ ሰጥተነዋል።»

ባለቤቴ ከብየዳ ማስኮቹ አንዱን ሰጠኝና «አሁን እዪ» አለ።

አፍንጫው ማንም ሳይነካው ወደ ላሜራው ወረደ። ነካ አደረገውና፣ እንደ ስፌት መኪናዬ የመርፌ እግር ከፍ ብሎ ቆመ። ከዚያ በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ሰማያዊ ነጥብ በራ። ድምፁን ሳልጠብቀው ሰማሁት፤ አዲስ አቡጀዲ ባንድ ትንፋሽ ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ ነው። ብረቱ እየተቀደደ ነበር። አፍንጫው ሳይቸኩል ዞሮ ወደ ተነሳበት ሲመለስ እሳቱ ጠፋ፤ የተቆረጠው ክብ ወደ ውሃው ወርዶ ቸስ አለ። ማስኬን አነሳሁ። ባለቤቴ ክቡን በጉጠት አውጥቶ፣ እስኪበርድ ጠብቆ ሰጠኝ። ላሜራው ላይ በወጣበት ቀዳዳ መልሼ ሳስቀምጠው ዙሪያውን የቀረው ክፍተት የክር ያህል ነው። ሃያ ዓመት መቀስ የያዝኩበት እጄ እንዲህ ያለ ክብ ቆርጦ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ከብየዳ ቤቱ መራቅ አቃተኝ። አንድ ቀን ባለቤቴ በር ላይ የሚገጠም አራት ማዕዘን ቆርጦ ሲገጥመው ላላበት። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ልክ ትክክል ነው፤ የወጣው ብረት ግን አንሷል። ቆሜ ሳይ ገባኝ።

«ለስፌት የሚተወውን አልተውክም» አልኩት።

«ብረት ምን ስፌት አለው?»

«እሳቱ የሚበላው አለ። መስመሩ ላይ ስታስኬደው ግማሹን ከአንተ ብረት ወሰደብህ። በውጪ በኩል ማስኬድ ነበረብህ።»

የተቆረጠውን ክፍተት ለካው፤ አንድ ሚሊ ተኩል ነው። ኮምፒውተሩ ፊት ካለው ወንበር ተነሳ። «ነይ፣ አንቺ ተቀመጪ» አለኝ። እኔም ተቀመጥኩ፤ ኮምፒውተሩ ላይ አሳሳሉን እሱ አስተማረኝ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ወንበር የእኔ ነው። ቅድ ጨርቅ ላይ እንደማሰላው፣ ብረቱም እንዳይባክን ቅርጾቹን ላሜራው ላይ እያገላበጥኩ እደረድራለሁ።

በመኸር ጊዜ አንድ ገበሬ ከኢተያ መጡ። በጆንያ የያዙት ስንዴ የሚያጭደው የኮምባይነር ብረት ነበር፤ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ የሚቀመጥበት ወፍራም ሰሌዳ ለሁለት ተሰብሯል። ሰውየው ትልቅ ሰው ናቸው። «ስንዴው ቆሟል፣ ደመናውም መጥቷል» አሉ። «ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሳምንት ነው ይላሉ።»

ስባሪዎቹን አገጣጥሜ በልብስ መቁረጫ ወረቀቴ ላይ በእርሳስ ዞርኳቸው። የጎደለውን ጠርዝ ከሌላኛው ጎን ገልብጬ ሞላሁት። ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ ባለቤቴ አራተኛ ለካልኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ስስል ገበሬው ከኋላዬ ቆመው ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ትልቁን ቀዳዳና ዙሪያውን እሳቱ ቆረጠው፤ የብሎን ቀዳዳዎቹን ምልክት ብቻ አድርጎባቸው ባለቤቴ በመሰርሰሪያ በሳቸው። ሰሌዳው ተበስቶ ሲያልቅ ገበሬው አውራ ጣታቸውን በጠርዙ ላይ አስኬዱ።

«ይህን ማን ሠራው? ማሽኑ ነው?» አሉ።

«እሷ ናት» አለ ባለቤቴ።

ወደ እኔ ዞረው፣ «ገለቶሚ፣ ልጄ» ብለው በኦሮምኛ አመሰገኑኝና ብረቱን ገና ሙቀቱ ሳይወጣለት በጆንያው ጠቅልለው ሄዱ።

ያን ዕለት ከሰዓት መርፌ መያዝ አልቻልኩም። ስህተት ብሠራስ፣ ኩሽኔታው ባይገጥምስ እያልኩ ጓሮና በረንዳ እመላለሳለሁ። አሥር ሰዓት ገደማ ስልኩ ጮኸ። ገበሬው ስልካቸውን ወደ ኮምባይነሩ አዙረውት ኖሯል። ያ ከባድ ድምፅ ስልኩ ውስጥ ሲያጉረመርም ባለቤቴም ጆሮውን አስጠጋ።

በሚቀጥለው እሑድ ኢተያ ወረድን። ስንዴው ተሰብስቦ አልቆ ገለባው ብቻ ቀርቷል፤ ኮምባይነሩ ዳር ላይ ቆሟል። ገበሬው ክዳኑን ከፍተው አሳዩኝ። ሰሌዳዬ ግሪስና አቧራ ለብሶ ከሌሎቹ ብረቶች አልለይ ብሎኝ ነበር። በጣቴ ጠረግ ሳደርገው የጠርዙ ቅርጽ ወጣ። ባለቤቴና ሰውየው ስለ ዝናቡ እያወሩ ወደ ቤት ገቡ፤ እኔ ግን ያን ሁሉ እርሻ ያስጨረሰውን አንድ ቁራጭ ብረት እያየሁ ብዙ ቆየሁ።