ጃንሆይን ለመሸከም አማትን መሸከም

ታሜኪቺ በትከሻው የሚኮራ ሰው ነበር። ምን ዋጋ አለው ታዲያ፣ ትከሻው የተፈጠረለትን ሥራ አንድ ቀን እንኳ ሠርቶ አያውቅም።

ከኪዮቶ በስተሰሜን፣ ሂዬይ ተራራ ሥር ያለው መንደሩ ከጥንት ጀምሮ የንጉሠ ነገሥት ተሸካሚ ነው። ቅድመ አያቶቹ ከጠላት የሸሹ ንጉሥ ተሸክመው ተራራ ስላወጡ መንደሩ ግብር አይከፍልም፤ በምትኩ ንጉሡ መውጣት ሲያምራቸው ትከሻ ያቀርባል። እሳቸው ግን አይወጡም። ሾጉን የሚባሉት የጦር አበጋዞች ኤዶ ከተማ ተቀምጠው ሥልጣኑን ሁሉ ጠቅልለው ከያዙ ወዲህ፣ ኪዮቶ ላይ የነገሡት ሁሉ ክብራቸው ሰማይ ነክቶ እግራቸው ከቤተ መንግሥቱ አጥር አላለፈም። ይጸልያሉ፣ ግጥም ይጽፋሉ፣ ለዘመኑ ስም ያወጣሉ፣ በቃ። ሁለት መቶ ዓመት በዚህ አለፈ።

የመንደሩ ወንዶች ግን ልምምዱን አልተዉም። በየወሩ ጣራና መጋረጃ ያለውን ቃሬዛ አውጥተው፣ ድልድዩን ተሻግረው፣ ዳገቱን ወጥተው ይመለሳሉ። ጎረቤት መንደር «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ» እያለ ይስቅባቸዋል። ባዶ ቃሬዛ ደግሞ ምንም አያስተምርም፤ ውስጡ ሰው ያስፈልጋል፣ ያውም መንገጫገጭ የማይወድ። ለዚህ የታሜኪቺን አማት፣ እማማ ኦታኬን የሚያህል አልተገኘም። ሴትዮዋ ወፍራም ናቸው፤ ምላሳቸውም ከክብደታቸው አያንስም።

መጋረጃው ሲዘጋ ኦታኬ ሌላ ሰው ይሆናሉ። «ከኋላ በግራ ያለኸው፣ የልጄ ባል መሆንህ በአረማመድህ ይታወቃል፤ በሬም ከዚህ በተሻለ ይራመዳል» ይላሉ። «ከፊት ያለኸው፣ ትናንት ሚስትህ ላይ ስትጮህ ሰምቻለሁ፤ ማታ ይቅርታ ጠይቃት። ይሄ ድልድይ ደግሞ እስከ ነገ ይጠገን።» ይጠገናልም። መንደርተኛው «የኪዮቶው ጃንሆይ ሥልጣን የላቸውም፣ የኛዋ ግን አላቸው» ይል ነበር።

አንድ የጸደይ ቀን ወሬው ደረሰ። የባዕድ ጥቁር መርከቦች ከመጡ ወዲህ ሾጉኑ ጉልበቱ ከድቶታል፤ ሰዉም ፊቱን ወደ ቤተ መንግሥቱ አዙሯል። እናም ጃንሆይ ለጸሎት ከአጥራቸው ሊወጡ ነው፣ ሾጉኑም ከኋላ ሊከተላቸው ነው። መንደሩ አበደ። ሽማግሌዎች አለቀሱ፣ ጎረምሶች እርስ በርሳቸው ተሸካከሙ፣ አንዱ በደስታ የራሱን በሬ ሊሸከም ሞክሮ ወገቡን ተቀጨ።

ታሜኪቺ ብቻ አልሳቀም። የመንደሩ አለቃ ኪዛኤሞን ጠርቶታል። «ዕድሜህ ገፍቷል፣ ጉልበትህም ሲንቋቋ ከሩቅ ይሰማል» አለው። «እኔ አልፈርድብህም። እማማ ኦታኬ ቃሬዛው ውስጥ ገብተው ይፍረዱ። ካጉረመረሙ ቀረህ።»

«ሞቻለሁ በይኛ» አላት ታሜኪቺ ሚስቱን ኦሚትሱን። «እናትሽ ከሁሉ ከሁሉ የሚወዱት ምንድን ነው?»

«አንተ ስትሳሳት ማየት» አለች ኦሚትሱ።

እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም። በስኳር የተለወሰ የባቄላ ኬክ አመጣ፣ የወንዝ ዓሣ ጠበሰ፣ እግር አሸ። ኦታኬ ሁሉንም አጣጥመው ከንፈራቸውን ጠረጉና «ጣፋጩ ጥሩ ነው» አሉ። «ፍርዴ ያለው ግን ሆዴ ውስጥ አይደለም።»

የፈተናው ዕለት ቃሬዛው ተነሣ። ድልድዩ ላይ ጉልበቱ ቋ አለ፤ ታሜኪቺ ዓይኑን ጨፍኖ ስድቡን ጠበቀ። ከመጋረጃው ኋላ ግን ድምፅ የለም። ዳገቱ ላይም ዝም፣ ቁልቁለቱ ላይም ዝም። ሰዎቹን ላብ አጠመቃቸው። ኦታኬ ዝም ብለው አያውቁማ። «ተቀይመው ይሆን?» አለ አንዱ። «አርፈው ቢሆንስ?» አለ ሌላው። ታሜኪቺ በልቡ፣ አለቀልኝ፣ ሊናገሩኝ እንኳ ተጸይፈዋል አለ።

ቃሬዛውን አወረዱት። ኪዛኤሞን መጋረጃውን ገለጠ። ኦታኬ አፋቸውን ከፍተው፣ አገጫቸው ላይ የኬክ ፍርፋሪ እንዳለ፣ ያንኮራፋሉ።

ታሜኪቺ መሬት ላይ ተቀምጦ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ኦታኬ በሳቁ ነቁና «ማን አቁሙ አላችሁ?» ብለው ተቆጡ። ፍርዱ ይኸው ነበር።

በታላቁ ቀን ታሜኪቺ ከፊቱ ካለው ሰው ማጅራት በቀር ያየው ነገር የለም። መንገድ ዳር ያለው ሕዝብ ሁሉ ጭቃ ላይ ተደፍቷል። አንዲት ራስ ብቻ ቀና ብላለች፣ የኦታኬ። የሚያዩትም የታሜኪቺን እግር ነው።

ማታ መንደሩ ከበበው። «ንገረና፣ ጃንሆይ ምን ያህል ይከብዳሉ?»

ታሜኪቺ አማቱን ሰረቅ አድርጎ አየና «ለእማማ አይደርሱም» አለ።

ሰዉ በሳቅ ተንከባለለ። ኦታኬ አልተቀየሙም። «ሥልጣን ይከብዳል» አሉ። «እሳቸው ገና መጀመራቸው ነው።»

ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሾጉኑ ወደቀ፣ ሥልጣኑም ወደ ቤተ መንግሥቱ ተመለሰ። የቀድሞው አርፈው በቦታቸው የነገሡት አዲሱ ወጣት ንጉሠ ነገሥትም ጓዛቸውን ጠቅልለው ኤዶ ገቡ፤ የከተማይቱም ስም ቶኪዮ ተባለ። እዚያ ፈረሶች በሚጎትቱት ሠረገላ ይሄዳሉ አሉ። ጉድ እኮ ነው፣ ሥልጣን ሲያጡ አይወጡም፣ ሲያገኙ ጭራሽ ሄዱ። ኪዮቶ «ለጉብኝት ነው፣ ይመለሳሉ» እያለች ትጠብቃለች። ታሜኪቺም ትከሻውን ታቅፎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፤ ከፋው።

ኦታኬ በበኩላቸው አርጅተው እግራቸው አልታዘዝ ብሏል። አንድ ጠዋት «ቃሬዛው ይበስብስ ነው የምትሉት?» አሉ። «የወንዙን ዳር አበባ ማየት አምሮኛል።»

አሮጌዎቹ ተሸካሚዎች ተሰበሰቡ። መንገደኛው ቃሬዛውን ሲያይ «ተመለሱ፣ ጃንሆይ ተመለሱ» እያለ ይደፋ ጀመር። ሰይፍ የታጠቀ አንድ ሹም ከፈረሱ ዘሎ ወርዶ ግንባሩን አፈር አስነካ። ከውስጥ የኦታኬ ሳቅ ተሰማ። «ተነሡ በሏቸው፣ ልብሳቸው ይቆሽሻል።»

ታሜኪቺ ግን አልሳቀም። ትከሻው የሚያውቀውን ክብደት ፈልጎ አጣው። ያ ሁሉ ሥጋ የት ሄደ? ባዶ ቃሬዛ የተሸከመ መሰለው።

«አንተ ታሜኪቺ» አሉ ኦታኬ። «ዛሬስ ማን ይከብዳል? እኔ ወይስ ጃንሆይ?»

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ። ትከሻዬ ሊገነጠል ነው።»

«እንዲያ ነው እንጂ» አሉ። ትንሽ ቆይቶ ከመጋረጃው ኋላ ቀጭን ማንኮራፋት ተሰማ።

«ቀስ በሉ» አለ ታሜኪቺ፣ «ተኝተዋል።»