የመምህሩ ማንጎ የመምህሩ አይደለም

ለንስሐ አባቴ ቀላል ቀላሉን ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን ለእሳቸውም፣ ለሚስቴም፣ ለማንም ተናግሬው አላውቅም። አርባ ምንጭ ገበያ ላይ «የመምህሩ ማንጎ» የሚባለው፣ ጥርስ ውስጥ የሚሰነቀር ክር የሌለው፣ ማር የመሰለ ማንጎ የእኔ አይደለም። ሰርቄዋለሁ።

በሰማንያዎቹ መጨረሻ እዚያው አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነበርኩ። አጥር የምንጋራት ጎረቤቴ እማማ አስቴር ከጋሞ ተራራ፣ የኦቾሎ ሰው ናቸው፤ ባላቸው ሞተውባቸዋል። ከጓሯቸው ማንጎ ፍሬ በሰፌድ ይልኩልኛል፤ ቅርንጫፍ ግን ለማንም አይሰጡም። ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «መምህር፣ ባሌ በእጁ የተከላት ናት። እኔ ጋ ትኑር» አሉኝ። ከዚህ የበለጠ ምን ምክንያት ይፈለጋል?

እኔ ግን ያነበብኩ ሰው ነበርኩ። የማንጎ ፍሬ በልተው ዘሩን ቢተክሉት እናቱን የሚመስል ዛፍ ላይወጣ እንደሚችል፣ መፍትሔው የእናትየዋን የቅርንጫፍ ጫፍ ቆርጦ በሌላ ችግኝ ላይ መግጠም እንደሆነ አውቃለሁ። ድንገት እጄ አምልጦኝ ነው እንዳልል ደግሞ ሙያው ራሱ ይመሰክርብኛል። ጫፉ ከመቆረጡ ከሳምንት በላይ ቀደም ብሎ፣ እምቡጡ እንዲያብጥ ቅጠሉ ይረገፋል። ስለዚህ አጥር የዘለልኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ቅጠል ላረግፍ፣ ቀጥሎ ልቆርጥ፤ ሁለቱንም እማማ አስቴር ቅዳሴ ላይ ሳሉ። በመካከሉ ከሰፌዳቸው በልቼ አመስግኛለሁ።

ሥራው ንጹሕ ነበር። ችግኙን ሰነጠቅሁ፣ ጫፉን እንደ ሽብልቅ ጠረብሁ፣ በአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪያ ጠፍሬ አሰርሁ። ሰፈራችን ውስጥ ከእኔ በፊት ማን ሞክሮት ያውቃል? አብዛኞቹ ያዙ። ቀላ ያለው ለጋ ቅጠል ሲወጣ የኮራሁትን ያህል ልጄ ሲወለድ አልኮራሁም።

እማማ አስቴር ግን ያዩት ጫፏ የተመለጠ ዛፍ ነው። የባላቸው ታናሽ ወንድም ሸማኔው አንጁሎ በቅርቡ ከማንጎዋ ድርሻ ጠይቆ ተከልክሎ ነበር። በቁጭት የቆረጣት እሱ ነው አሉ እማማ አስቴር። የሰው ፍሬያማ ዛፍ መቁረጥ በጋሞ ዘንድ ጎሜ ነው፤ በቤተሰብ ላይ መዘዝ የሚያመጣ ጥሰት። መዘዙ የሚነሣው አድራጊው በሽማግሌ ፊት ተናግሮ ሲታረቅ ነው። ሽማግሌዎቹ ከኦቾሎ ወረዱ። እኔም በጎረቤትነቴ ተጠርቼ ተቀመጥኩ። እርጥብ ሣር ይዘው ማንም ይሁን ማን እንዲናገር ለመኑ፤ ከተናገረ ቂም እንደሌለ አስረዱ።

የተፈለገብኝ አፌን መክፈት ብቻ ነበር። ለምን አልከፈትኩም? ፈርቼ ነው ብል እንዴት ደስ ባለኝ። መምህራን ክበብ ውስጥ በጎሜ ስቀልድ የኖርኩ ሰው፣ ሣር በያዙ ሽማግሌዎች ፊት መናዘዝ ውርደት መሰለኝ። ዝምታዬን ሳይንሳዊ አቋም አደረግሁት።

አንጁሎ እማማ አስቴርን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ።

«እሺ በቃ፣ እኔ ነኝ» አለ። «አስቴርም እንቅልፍ ይውሰዳት።»

ታረቁ። ስንወጣ አጠገቤ መጥቶ ሣቅ እያለ፣ «መምህር፣ ያልቆረጥኩትን ቆረጥኩ ብዬ ቤተሰቤ ታረቀ። መጽሐፍህ ይህን ምን ይለዋል?» አለኝ።

«ሞኝነት» አልኩት።

ሽማግሌዎቹ ቂም የለም ቢሉም ገበያው አልሰማቸውም። አንጁሎ ሸማውን ይዞ በወረደ ቁጥር «ማንጎ ቆራጩ መጣ» ይሉታል፤ ልጆቹም የማንጎ ቆራጩ ልጆች ሆኑ። የእኔ ችግኞች ደግሞ ከሲቀላ አልፈው እስከ ላንቴ ገበሬዎች ማሳ ደረሱ፤ ስሜን ይዘው።

ከዓመታት በኋላ አሮጌዋን ማንጎ ነፋስ ጣላት። አንጁሎ ቤቴ መጥቶ ለአስቴር የምትሆን አንዲት ችግኝ ለመነኝ። ሰጠሁት። ሁለት እጆቹን ዘርግቶ ዘርህ ይብዛ፣ ስምህ ይከበር ብሎ መረቀኝ። አሜን አልኩ። ከሁለቱ ስርቆቶቼ፣ ከቅርንጫፉና ከምርቃቱ፣ የትኛው ይበልጣል? እኔ ይህ አሜን ይመስለኛል።

ችግኟ ስታፈራ እማማ አስቴር በሰፌድ ላኩልኝ። ሰፌዱን ስመልስላቸው፣ «የባሌን ማንጎ ትመስላለች» አሉኝ። «ትመስላለች» አልኳቸው። ይህንኑ ይዘው አረፉ።

አንጁሎ አለ፤ ኦቾሎ ነው። ወጥቼ ፊት ለፊት አልነገርኩትም። ይህን ያነበበ ሰው ግን ገበያ መካከል ጮክ ብሎ ይናገርልኝ፤ ማንጎ ቆራጩ አንጁሎ አይደለም፣ እኔ ነኝ።

ስለ ማንጎዋ ይቅርታ አልጠይቅም። ዛሬም አንዷ ሻጭ «የመምህሩ ነው፣ ቅመሱ» ስትል ደረቴ ይነፋል። አንጁሎ በዚያው ገበያ አንገቱን ደፍቶ ማለፉን እያወቅሁ ይነፋል። ይህን ይቅር በሉኝ ለማለት ደረቴ መጀመሪያ መነፋቱን መተው ነበረበት፤ አልተወም።